የአሥር ሺህ ዋት ውሸት

ባለፈው ዓመት ለትንሣኤ ከአዲስ አበባ የመጣ የልጅነት ጓደኛዬ ሳሎናችን ውስጥ የተደረደሩትን አምስት ስፒከሮች አይቶ ሳቀ። «አንተ፣ ዘመሮ ተቀምጠህ ሰራውንድ? ለማን ነው? ለበጎቹ?» አለኝ። ቡና እየተፈላ ነበር፤ እንግዳም ስለሆነ አብሬው ሳቅሁ። ይህን የምጽፈው ያን ቀን መስጠት የነበረብኝን መልስ ዘግይቼም ቢሆን ለመስጠት ነው።

ቀልዱ ውስጥ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፣ ጥሩ ድምፅ የከተሜ ነው፤ መንዝ ላይ ያለ ሰው ከሰማ ይበቃዋል የሚል ንቀት ነው። ሁለተኛው፣ እንዲህ ያለ ዕቃ የሚገዛው ለጉራ ነው የሚል ጥርጣሬ ነው። የመጀመሪያውን አልቀበልም። ሁለተኛውን ግን እንዲሁ አልጥለውም፤ ምክንያቱም እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ለጉራ ገዝቻለሁ። መጀመሪያ እሱን ልናዘዝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለስልጠና ደብረ ብርሃን ሄጄ ስመለስ አንድ ኤሌክትሮኒክስ ቤት ጎራ አልኩ። ካርቶኑ ላይ የነብር ሥዕል አለ፤ ከነብሩ በላይ በትልቁ «10,000 ዋት» ይላል። ባለሱቁ አንድ ሙዚቃ ሲከፍትበት የሱቁ መስታወት ተንቀጠቀጠ። «ሆም ቴአትር ማለት ይሄ ነው!» አለኝ። እኔም አመንኩ። የወር ደሞዜን አብዛኛውን ከፍዬ፣ ካርቶኑን እንደ ሕፃን ታቅፌ ዘመሮ ገባሁ።

ሰካሁት። የጣሪያው ቆርቆሮ ተንጫረረ፣ ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ፣ የጎረቤት ውሻ ጮኸ። ወንድሞቼ ጨፈሩ። ዜና ስንከፍት ግን አንባቢዋ ጋን ውስጥ ሆና የምታወራ ትመስል ነበር። ስድስት ወር ያህል እንዲህ ኖርን። አንድ ማታ መብራት ሄዶ ሲመለስ ጭስ ሸተተን፤ በቃ፣ የነብሩ ነገር በዚያው አበቃ።

ከሞተ በኋላ ገልብጬ ጀርባውን አየሁት። አንዲት ትንሽ ምልክት ላይ የሚወስደው ኃይል ተጽፏል፦ 60 ዋት።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም በሉ። የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል። 10,000 ዋት ማለት ሦስት ምጣድ በአንድ ጊዜ ተጥዶ ማለት ነው። ያ ሁሉ ኃይል የሞባይል ቻርጀር በሚያክል ገመድ በኩል ይመጣል ብዬ ነው ገንዘቤን የከፈልኩት። 60 ዋት እኮ የድሮ አምፖል የሚወስደው ነው! ከአንድ እንስራ መቶ እንስራ ውሃ አይቀዳም። ይህን ለማወቅ የፊዚክስ መምህር መሆን አያስፈልግም፤ የሚያሳፍረው ደግሞ እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ።

ማታለያው ስም አለው፤ ፒ.ኤም.ፒ.ኦ. ይባላል። መሣሪያው ለዓይን ጥቅሻ ያህል ሊያወጣው ይችላል ተብሎ የሚታሰበውን የኃይል ጫፍ ነው የሚቆጥረው። ሁሉም የሚስማማበት መለኪያ የለውም፤ አምራቹ ደስ ያለውን ቁጥር ይጽፋል። እናንተ መፈለግ ያለባችሁ አር.ኤም.ኤስ. የሚለውን ነው፤ እሱ መሣሪያው ሳይቋረጥ የሚሰጠውን ኃይል ይናገራል። ካርቶኑ ላይ እሱ ከሌለ ዕቃውን ገልብጡና ከሶኬት የሚወስደውን ዋት አንብቡ። ከሚወስደው በላይ የሚሰጥ መሣሪያ ገና አልተፈጠረም።

ቁጥሩ እውነት ቢሆን እንኳ ሌላ ውሸት ከኋላው ይከተላል፦ ዋት በበዛ ቁጥር ድምፁ ያምራል የሚለው። ጆሮ እንደዚያ አይሠራም። ከ50 ዋት ወደ 100 ዋት ስትሄዱ የምታተርፉት 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ለውጡ መኖሩን ታውቃላችሁ እንጂ አትደነግጡም። ድምፁ እጥፍ የሆነ እንዲመስላችሁ ከፈለጋችሁ ኃይሉን አሥር እጥፍ ማድረግ አለባችሁ። በሌላ በኩል፣ መካከለኛ የሚባል ስፒከር በአንድ ዋት ብቻ አንድ ሜትር ላይ 88 ዴሲቤል ያህል ያወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ከዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2019 ለግል ማዳመጫ መሣሪያዎች ባወጣው መለኪያ፣ 80 ዴሲቤል ድምፅ በሳምንት 40 ሰዓት ቢሰማ ነው ለጆሮ ደኅና የሚባለው። 90 ሲደርስ ሰዓቱ ወደ 4 ይወርዳል። አያችሁ? አንድ ዋት ለአንድ ሳሎን ብዙ ነው። የእኔ ቤት አሁን አብዛኛውን ማታ አንድ ዋትም አይሞላም።

* * *

ታዲያ ለምን ተታለልኩ? ባለሱቁን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው። እኛ ጩኸትን ድምፅ ብለን አድገናል።

እንደኔ በትንሽ ከተማ ያደገ ሰው ሲኒማን ያወቀው በቪዲዮ ቤት ነው። አግዳሚ ወንበር፣ በጆንያ የተሸፈነ መስኮት፣ ከፊት ቴሌቪዥን፣ ከጎንና ከጎን ቁመታቸው ከኛ የሚበልጥ ሁለት ስፒከር። የሕንድ ፊልም በአማርኛ ትርጉም ሲታይ ተርጓሚው ከሙዚቃው በላይ ይጮሃል፤ ሙዚቃው ከተርጓሚው በላይ ይጮሃል። ድምፁ ውጭ ድረስ ካልተሰማ ሰው አይገባም፤ ስለዚህ ጩኸቱ ማስታወቂያም ነበር። ሰርግ ስንሄድ ሞንታርቦው ደረታችንን ይደበድበዋል። አውቶቡስ ውስጥ ስንገባ ሾፌሩ ከጭንቅላታችን በላይ ሙዚቃ ይለቅብናል፤ «ቀንስ» ያለ ሰው እንደ ነገረኛ ይታያል። እንዲህ ያደገ ልጅ ሱቅ ገብቶ መስታወት ሲንቀጠቀጥ ባያምን ነበር የሚገርመው።

ቤት ውስጥ ግን ጩኸት ዋጋ የሚያስከፍለው ሰው አለ። እኛ ቤት ያ ሰው አባቴ ናቸው።

አባቴ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ አርሰዋል፤ ክረምት ሲሆን ደግሞ ባና ይሸምኑ ነበር። ወሬ የሚወዱ፣ ተረት የማያልቅባቸው ሰው ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ዝም አሉ። ስንናገራቸው «እህ፣ አዎ» ይላሉ፤ ቴሌቪዥን ስናይ እኛ ከሳቅን በኋላ ዘግይተው ይስቃሉ። እኛም «አረጁ» አልን። እህቴ «እየረሱ ነው መሰለኝ» አለች። ያን ባለነብር ዕቃ ስገዛ አንዱ ምክንያቴ «ለአባባም ጮክ ይልላቸዋል» የሚል ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው፤ ድምፁ ባደገ ቁጥር ተነሥተው ወደ ጓዳ ይሄዳሉ።

በዕድሜ የሚደክም ጆሮ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያጣው ቀጫጭኑን ድምፅ ነው። ሰ፣ ሸ፣ ፈ፣ ጸ የሚለዩት በዚያ በቀጭኑ ክፍል ነው። ወፍራሙ ድምፅ፣ ከበሮውና ባሱ፣ እንደ ድሮው ይሰማል። ባሱን ስትጨምሩ እንግዲህ ሽማግሌው በደንብ የሚሰሙትን ጨምራችሁ፣ የጠፋባቸውን ቃል ትቀብሩታላችሁ። አባቴ ደንቆሮ አልነበሩም። እኛ ነን ቃሉን የቀበርንባቸው።

* * *

ሁለተኛውን አምፕሊፋየር የገዛሁት ያገለገለ ነው፤ ጃፓን ሠራሽ፣ ክብደቱ የአንድ ግልገል የሚያህል፣ ጭረት የበዛበት። አዲስ አበባ ከአንድ ጠጋኝ ነው ያገኘሁት። ፈረንጆቹ ሪሲቨር ይሉታል፤ የዲሹን ሪሲቨር እንዳይመስላችሁ። አምስት ትንንሽ ስፒከርና አንድ ባስ አብረውት መጡ። በአንድ ወር ደሞዝ አልሆነም፤ ሁለተኛውን ወር በዕዳ ጨረስኩ። ስለዚህ ርካሽ ስል ለማን ርካሽ እንደሆነ አውቄ ነው።

ሰራውንድ የሚሉት ይህ ነገር ቤት ውስጥ ከመግባቱ በፊት የሲኒማ ቤት ነበር። ዶልቢ ዲጂታል የተባለው አሠራር እ.ኤ.አ. በ1992 በአንድ የባትማን ፊልም ሲኒማ ቤት ገባ። «5.1» የሚለው ቁጥር አምስት ሙሉ መስመርና አንድ ለወፍራም ድምፅ ብቻ የተተወ ጠባብ መስመር ማለት ነው። ማስታወቂያው ሁልጊዜ የሚያወራላችሁ ከኋላ ስለሚመጣው ሄሊኮፕተርና ፍንዳታ ነው። ዋናው ግን እሱ አይደለም። ዋናው ቴሌቪዥኑ ሥር የምትቀመጠው፣ ማንም የማይመርጣት፣ የመሃሏ ስፒከር ናት። የፊልም ንግግር በአብዛኛው የሚመጣው በእሷ ነው።

«የኛ ቴሌቪዥን እኮ በአምስት መስመር አያስተላልፍም» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ከዲሹ የሚመጣልኝ የቀኝና የግራ ብቻ ነው። ነገር ግን እነዚህ አምፕሊፋየሮች ፕሮ ሎጂክ የሚባል ዘዴ አላቸው፤ ለቤት ከወጣ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ያለ ነው። ሁለት ምስክር ለየብቻ ተጠይቀው አንድ ዓይነት ነገር ከተናገሩ ዳኛው ያንን ይይዛል አይደል? ይኸኛውም የቀኙንና የግራውን መስመር ያመሳክራል፤ ሁለቱም ላይ እኩል ያለውን ወደ መሃል ያወጣዋል። በሁለቱም ላይ እኩል የሚቀዳው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሰው ንግግር ነው። ከዚያ በቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ የመሃሏን ብቻ 3 ዴሲቤል ከፍ ታደርጋላችሁ። ቤቱ አይጮህም፤ ሰውየው ግን ይናገራል።

ቀሪውን የሠራልኝ መንዝ ነው። ቤታችን የድንጋይ ነው፤ ድንጋይ ድምፅን ይመልሳል፤ አንድ ቃል ተነግሮ ሳያልቅ ገደል ማሚቶው ቀጣዩን ይደርብበታል። ለዚህ ተብሎ የሚሸጥ ስፖንጅ አለ፤ እኔ አልገዛሁም። አባቴ በወጣትነታቸው የሸመኑትን ወፍራም ባና ከሳጥን አውጥቼ ከመቀመጫው ጀርባ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት፤ ወለሉ ላይ ዝተት አነጠፍኩ። የመንዝ በግ ሱፍ ብርድ ብቻ ሳይሆን ማሚቶም ይከላከላል። ባሱን ግን ሱፍ አይችለውም፤ እሱን ከማዕዘን አውጥቼ ቀነስኩት። ማዕዘን ባስን ያሳብጠዋልና።

* * *

በሦስተኛው ማታ ይመስለኛል አንድ ተከታታይ ድራማ እያየን ነበር። ልጇ የጠፋባት እናት ቤት አንድ ሰው ይመጣል። በሩ ላይ ቆሞ «ልጁ አለ» ይላል፤ ሙዚቃው ይነሣል፤ ክፍሉ ያበቃል። እኔና እህቴ «ልጁ ምን አለ? ሳይነግሩን ቆረጡት!» ብለን ተበሳጨን። አባቴ ከጥጋቸው፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ መጀመሪያ ራሳቸው ጀምረው፣ «ምን አለ ነው የምትሉት? አለ ነው እንጂ ያለው! በሕይወት አለ!» አሉ።

እናንተ አሁን ይህን ስታነቡ የትኛው አለ የትኛው እንደሆነ ፊደሉ አይነግራችሁም። አንዱ ላልቶ፣ አንዱ ጠብቆ ነው የሚነበበው፤ አንዱ ተናገረ ነው፣ አንዱ ይኖራል ነው። በነጋታው ሲደገም ጠብቀን ሰማነው። አባቴ ልክ ነበሩ። ሰባ ዓመት ያለፈው ጆሮ የሰማውን የሃያና የሠላሳ ዓመት ጆሮ አልሰማውም፤ የለመድነው ጩኸት ማድመጥ አስረስቶን ነበር።

ክርክሬ እንግዲህ ይህ ነው። አማርኛ በማጥበቅና በማላላት ትርጉም የሚቀይር ቋንቋ ነው። ገና ላልቶ ያልደረሰ ነገር ነው፤ ጠብቆ የልደት በዓል ነው። ዋና ላልቶ ወንዝ ውስጥ ነው፤ ጠብቆ ቁም ነገር ነው። ይመታል ሲላላ ዱላው በእጁ ነው፤ ሲጠብቅ ዱላው በጀርባው ላይ ነው። ሰምና ወርቃችን፣ ቅኔያችን፣ ቀልዳችን ሳይቀር በዚህች በአንዲት ቅጽበት ርዝማኔ ላይ የተመሠረተ ነው። የሚያስተጋባ ቤትና ያበጠ ባስ ደግሞ መጀመሪያ የሚበሉት ይህችን ቅጽበት ነው። እንዲህ ያለ ቋንቋ የሚናገር ሕዝብ ጥርት ያለ ድምፅ ቅንጦት ነው ሲባል እሺ ብሎ መቀበል የለበትም።

ለዐቢይ ጾም ደግሞ የአለሙ አጋን በገና እንከፍታለን። ያኔ ሰራውንዱን አጥፍቼ በሁለቱ የፊት ስፒከሮች ብቻ ነው የምናዳምጠው። በገና ላይ ከእያንዳንዱ ክር ሥር የምትገባ ቁራጭ ቆዳ አለች፤ ያንን የሚነዝር ድምፅ የምትሰጠው እሷ ናት። በባለነብሩ ላይ ይህ ንዝረት የተበላሸ ዕቃ ይመስል ነበር። አሁን ክሮቹ በየራሳቸው ይሰማሉ፤ አባቴም ዓይናቸውን ጨፍነው ይቀመጣሉ።

* * *

የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ልሽሻቸው አልፈልግም።

«በዚያ ገንዘብ በግ አትገዛም?» ተብያለሁ። እገዛ ነበር። ግን ይህ ጥያቄ ቦሌ ላይ ሦስት እጥፍ ዋጋ ያለው ቴሌቪዥን የሚገዛ ሰው አይጠየቅም። ገጠር ያለ ሰው ያወጣት እያንዳንዷ ብር በበግ የምትመነዘረው ለምንድን ነው? ደግሞስ አንድን ሽማግሌ ወደ ጨዋታ መመለስ ስንት በግ ያወጣል?

«መብራት ይጠፋል» የሚለው እውነት ነው። አምፕሊፋየሩ በስታብላይዘር በኩል ነው የሚሠራው፤ መብራት ሲሄድ ደግሞ ማብሪያውን አጠፋለሁ፤ ሲመለስ የሚመጣው የኃይል ግፊት ነው ገዳዩ። ያችን ልማድ የተማርኩት በነብሩ ሞት ነው።

«የኋላዎቹ ሁለት ስፒከሮች ምን ይሠራሉ?» ለሚለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ምንም! የኛ ድራማና ፊልም ለእነሱ የሚልከው ነገር ትንሽ ነው። በፍላሽ የመጣ የውጭ ፊልም ሲኖር ዝናቡ ከኋላ ይመጣል፣ ደስ ይላል፤ ክረምት ላይ ግን የዘመሮ በረዶ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ማንም ፊልም አይስተካከለውም። አቅም ከሌላችሁ የኋላዎቹን ተዉአቸው። የመሃሏን ግን አትተዉ።

ትልቁ ተቃውሞ የራሴ ነው፤ እሱም ለፊልምና ለድራማ ሠሪዎቻችን ነው። እኔ በዕዳ አምፕሊፋየር ገዝቼ ቃላችሁን ከመሃል ስለቅም፣ እናንተ ግን ተዋናይቷ ስታለቅስ ኪቦርዱን ከእንባዋ በላይ ትለቁታላችሁ። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ እያሰማ ሲመጣ ስለ ባህል ብዙ ክርክር ተነሣ። ክርክሩ ውስጥ የተረሳ አንድ ነገር ነበር ብዬ አምናለሁ፦ ድምፁ ስቱዲዮ ውስጥ የተቀዳ ስለሆነ እያንዳንዱ ቃል ይሰማ ነበር። ብዙ እናቶች ከዚያ ስክሪን ፊት የተቀመጡት ታሪኩን ወደው ብቻ አይመስለኝም፤ ቃሉ ስለተሰማቸውም ነው። የሚጎድለን ውድ ካሜራ አይደለም። ማይኩን ወደ ተናጋሪው አስጠጉ፤ ሰው ሲናገር ሙዚቃውን ዝቅ አድርጉ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ተመልካቹን ማክበር ብቻ ይጠይቃል።

ለጓደኛዬም መልሱ ይኸው፦ ሰራውንዱ ለበጎቹ አይደለም፤ በጎቹ ሱፋቸውን ሰጥተው ድርሻቸውን ተወጥተዋል። ለአንድ ዝም ብለው ለነበሩ ሰው ነው። አሁን ከራት በኋላ ሪሞቱን የሚጠይቁኝ እሳቸው ናቸው። ድምፁን ሲቀንሱት አያለሁ፤ «ምነው፣ ይሰማዎታል?» እላቸዋለሁ። «እናንተ ዝም ካላችሁ ይሰማኛል» ይሉኛል።

ለበዓል ወደየቤታችሁ ስትገቡ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ለመጨመር ከመቸኮላችሁ በፊት አባታችሁ ወይም እናታችሁ የትኛው ጥግ እንደተቀመጡ እዩ። ባሱን ቀንሱ። ከዚያ ደግሞ ከናንተ በኋላ ዘግይተው የሚስቁ ከሆነ አስተውሉ።